የታጠበ መኪና አደራረቅና የማድረቂያ ዕቃዎች አመራረጥ

(ለሰፈራችን ነዋሪዎች፣ ለባለመኪናዎችና በመኪና እጥበት ሥራ ለተሰማሩ ወጣቶች የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት ማኅበሩ በሰሌዳው ላይ አውጥቶታል።)

የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣
የተከበራችሁ ባለመኪናዎችና አሽከርካሪዎች፣
በእጥበት ሥራ ላይ ያላችሁ ልጆቻችን፣

 

የዛሬው ርዕስ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። «መኪና ማድረቅ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል? ጨርቅ አንሥቶ መጥረግ ነው እንጂ!» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ በሰፈራችን በባለመኪናና በአጣቢ መካከል የሚነሣው ጭቅጭቅ ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ነገር የሚመጣ ነው። ባለመኪናው መኪናውን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ሲያየው በኮፈኑ ላይ ቀጫጭን ጭረት ያያል። «ልጁ ጫረብኝ» ይላል። ልጁ ደግሞ «እኔ አልጫርኩም፤ በሰጡኝ ጨርቅ ነው የጠረግሁት» ይላል። መጨረሻው ምን ይሆናል? ወይ ልጁ የደከመበትን ሒሳብ ይከለከላል፣ ወይ ባለመኪናው ደንበኝነቱን ያቋርጣል፣ ወይም ደግሞ ጎረቤትና ጎረቤት ይኳረፋል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ወገኖች ጭረቱ እንዴት እንደሚመጣ ስለማይረዱ ነው የሚጣሉት።

ሌላም ጉዳይ አለ። በአገራችን መኪና የአንድ ቤተሰብ የብዙ ዓመት ጥሪት ነው። ለታክሲ ነጂው እንጀራው ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለችውን መኪና ጠብቆ መያዝ ከቀድሞው ይበልጥ ግድ ሆኗል። ገዢ ሲመጣ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት የሚያየው ቀለሙን ነው። ስለዚህ ነገሩ የጨርቅ ጉዳይ ቢመስልም የገንዘብም፣ የመተማመንም ጉዳይ ነው።

ንግግሬን በስድስት ክፍል አቀርባለሁ።

1ኛ/ የመኪና ቀለም ምንድን ነው?

ዛሬ በየመንገዱ የምናያቸው መኪናዎች፣ ቪትዙም ኮሮላውም፣ ከፋብሪካ ሲወጡ ቀለማቸው አንድ ንጣፍ ብቻ አይደለም። ከላሜራው ቀጥሎ ዝገት የሚከላከለው የመጀመሪያ ቅብ አለ። በላዩ ላይ መካከለኛው ቅብ ይመጣል። ከዚያ ዋናው ቀለም ማለትም ቀዩ፣ ነጩ፣ ሰማያዊው ይከተላል። በመጨረሻም ከሁሉ በላይ ቀለም የሌለው፣ እንደ መስታወት የሚያሳይ ቅብ ይደረጋል። ቀለም ቀቢዎች «ክሊር» የሚሉት ይኸኛውን ነው። መኪናው የሚያብረቀርቀው በዚህ ነው፤ ዋናውን ቀለም ከፀሐይ የሚጠብቀውም ይኸው ነው።

እንግዲህ ውፍረቱን ልብ በሉ። ሁሉም ንጣፍ አንድ ላይ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው። ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ነው። የሰው የራስ ጠጉር ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል። ስለዚህ ባለመኪናው የሚኮራበት ውበት በሙሉ ያለው ከአንድ ዘለላ ጠጉር በሚቀጥን ሽፋን ላይ ነው ማለት ነው።

ጭረት ሲኖር «ፖሊሽ ይደረግና ይጠፋል» ይባላል። ልክ ነው፣ ይጠፋል። የሚጠፋው ግን ጭረቱ ስለተሞላ አይደለም። በጭረቱ ዙሪያ ያለው ክሊር ተፍቆ ከጭረቱ ወለል ጋር ስለሚስተካከል ነው። በእያንዳንዱ ፖሊሽ ክሊሩ ይሳሳል። ደጋግሞ ከተደረገና ክሊሩ በጣም ከሳሳ በፀሐይ እየነጣና እየተላጠ ሊሄድ ይችላል፤ ያን ጊዜ መፍትሔው እንደገና ማስቀባት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቀለም የሚያነጣው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ስለዚህ በእኛ ከተማ ክሊር የሳሳበት መኪና ቶሎ ይጎዳል።

ክሊር የሌላቸው አሮጌ መኪናዎችም አሉ። የቆዩ ፎልክስዋገኖችና ላዳዎች ዘንድ ይኼ ያጋጥማል። እንዴት ይታወቃል? እርጥብ ነጭ ጨርቅ ብታሹበት የመኪናው ቀለም ጨርቁ ላይ ይወጣል። እንዲህ ያለውን መኪና ያጠበ ልጅ «ቀለሙን አስለቀቅህ» ተብሎ ሊወቀስ አይገባም። የቀለሙ ጠባይ ነው።

2ኛ/ ጭረቱ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው «ጨርቁ ሻካራ ስለሆነ ነው የጫረው» ብሎ ያስባል። ሻካራ ጨርቅ መጥፎ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ዋናው ጠላት ጨርቁ ሳይሆን በጨርቁና በቀለሙ መካከል የገባው አቧራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1812 ፍሪድሪኽ ሞስ የተባለው ጀርመናዊ የማዕድን ሊቅ የድንጋዮችን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚሄድ መለኪያ ደልድሎ ነበር። በዚያ መለኪያ የጣታችን ጥፍር 2 ተኩል ያህል ነው። የመስኮት መስታወት 5 ተኩል ያህል ነው። በአሸዋ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኳርትዝ 7 ነው። በደጋችን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ የሚበዛው ፌልድስፓር የሚባለው ማዕድን ደግሞ 6 ነው። ይኼ ማለት ከኮብልስቶኑ፣ ከጠጠሩና ከግንባታው አካባቢ እየተነሣ መኪናችን ላይ የሚያርፈው አቧራ ውስጥ መስታወት እንኳ ሊጭር የሚችል ቅንጣት አለ ማለት ነው። ክሊሩ ደግሞ ፕላስቲክ መሰል ነገር ነው፤ ከመስታወት እጅግ ይለሰልሳል።

ቀለም ቀቢዎች ለማለስለሻ የሚጠቀሙበት ቁጥር 2000 የብርጭቆ ወረቀት አለ። በጣም ደቃቅ የሚባለው ነው። የእሱ ቅንጣት 10 ማይክሮን ያህል ነው። ተራ የመንገድ አሸዋ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይተልቃል። እንግዲህ አቧራ ያለበትን መኪና በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ቁጥሩ የማይታወቅ የብርጭቆ ወረቀት ይዞ መፈግፈግ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ልማዳችን ልናገር። ጠዋት ጠዋት መኪናን በደረቅ ጨርቅ ወይም በላባ መጥረጊያ «ማራገፍ» የሚባለው ነገር አለ። ባለመኪናው ራሱ ያደርገዋል፤ ዘበኛውም ለማስደሰት ብሎ ያደርገዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ከሚደረገው እጥበት ይልቅ በየቀኑ የሚደረገው ይኸ ደረቅ ጠረጋ ነው ክሊሩን የሚጨርሰው። አቧራ ብቻውን ቢቀመጥ ቀለሙን አይጭረውም፤ የሚጭረው ሲጎተት ነው። ስለዚህ ለማጠብ ውሃ ከሌለ መስታወቱን፣ መብራቱንና ታርጋውን በእርጥብ ጨርቅ አጽድቶ፣ የቀረውን እንዳለ መተው ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ለፍርድ ይጠቅማል። ጭረቱ ፀሐይ ላይ ሲታይ ክብ ክብ፣ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ይታያል። ባለመኪናውም «አየህ? በክብ እያሽከረከርህ ስለጠረግህ ነው!» ይላል። ይህ ማስረጃ አይሆንም። በየአቅጣጫው የተሰመሩ ቀጥታ ጭረቶችም ቢሆኑ የፀሐይዋ ነጸብራቅ ባረፈበት ቦታ ዙሪያ ክብ ሆነው ነው የሚታዩት። ምክንያቱም ለብርሃኑ አግድም የሆኑት ጭረቶች ብቻ ስለሚያብለጨልጩ ነው። ካላመናችሁ የቤታችሁን ያረጀ ሰሃን ወይም የብረት ትሪ አምፖል ሥር ይዛችሁ አዟዙሩት። ክቡ ብርሃኑን ተከትሎ ሲዞር ታያላችሁ።

3ኛ/ ታዲያ ሳናደርቀው ብንተወውስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጨርቅ የሚያስፈራ ከሆነ ፀሐይ ያድርቀው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ውሃ ሲተን ብቻውን ነው የሚሄደው። በውስጡ የነበረው የኖራ ጠባይ ያለው ማዕድን፣ ማለትም ካልሲየምና ማግኒዚየም፣ እዚያው ቀለሙ ላይ ይቀራል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ማለት ነው። የጉድጓድ ውሃ ከዝናብ ውሃ የበለጠ ይኼ አለበት። ነጩ ነጠብጣብ በትኩስ ኮፈን ላይ ደጋግሞ ከደረቀ ክሊሩን ይነክሰዋል፤ በተራ እጥበትም አይለቅም። እሱን ለማስለቀቅ ሲፈገፈግ ደግሞ ተመልሶ ሌላ ጭረት ይመጣል።

ሁለተኛው ምክንያት፣ በበጋ እርጥብ መኪና ቆሞ ሲውል በነፋስ የሚመጣው አቧራ ይለጠፍበታል። ሦስተኛው፣ በበሩ ሥር፣ በታርጋው ኋላና በስፖኪዮው ውስጥ የተቋጠረ ውሃ ዝገት ያመጣል። ስለዚህ ማድረቁ አይቀርም። ጥያቄው በምን እናድርቅ? እንዴትስ እናድርቅ? የሚለው ነው።

4ኛ/ የማድረቂያ ዕቃዎች

አንድ ጥሩ ማድረቂያ ሁለት ሥራ መሥራት አለበት። አንደኛ፣ ውሃውን መጠጣት እንጂ መግፋት የለበትም። ሁለተኛ፣ ሳይታጠብ የቀረ ቅንጣት ቢያጋጥመው ከቀለሙ ላይ አንሥቶ ወደ ውስጡ መደበቅ አለበት። ሁሉንም ዕቃ በእነዚህ ሁለት ሚዛኖች እንመዝናለን።

ሀ) ማይክሮፋይበር ፎጣ። ከሁሉ የሚመረጠው ይህ ነው። ከፖሊስተርና ከናይሎን የሚሠራ ሲሆን፣ ክሩ እጅግ ቀጭን በመሆኑ 9000 ሜትሩ ቢመዘን አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። እያንዳንዱ ክር ተሰንጥቆ በመካከሉ ክፍተት ስለሚኖረው ውሃ ይስባል። ጠጉር ስላለውም ቅንጣቱ ወደ ጠጉሩ ውስጥ ይገባል እንጂ በቀለሙ ላይ አይጎተትም። ስትገዙ ተጠንቀቁ። «ማይክሮፋይበር» ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ አንድ አይደለም። ስስና ርካሽ የሆነው ለዳሽቦርድ ይሁን። ለማድረቂያ የሚሆነው ወፍራሙ ነው፤ ዕቃው ላይ በካሬ ሜትር 500 ግራም ወይም ከዚያ በላይ የሚል ቢሆን ጥሩ ነው። እንደ ማር እንጀራ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ዓይነት ደግሞ ቢቀልም ውሃ በደንብ ይጠጣል፤ በተለይ ለመስታወት ይስማማል። ጠርዙን ዳስሱት። በጠንካራ ናይሎን ክር የተዘመዘመ ከሆነ ጠርዙ ራሱ ይጭራል። የተሰፋበትን የፋብሪካ ምልክትም ከመጠቀማችሁ በፊት ቁረጡት።

ሱቅ ውስጥ ሆኖ መፈተኛ ዘዴ ልንገራችሁ። ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ውሃ አፍስሱና ፎጣውን ሳትጫኑ ጎትቱት። ውሃውን ጠጥቶ ካለፈ ደግ ነው። ውሃውን ከፊቱ እየገፋ ከሄደ ለመኪና አይሆንም። እቤት ስትደርሱ ደግሞ ፎጣውን እጠቡና በማያስፈልግ አሮጌ ሲዲ አብረቅራቂ ፊት ላይ አሹት። ሲዲው ላይ ጭረት ከተወ መኪናችሁም ላይ ይተዋል።

ለ) የጥጥ ፎጣ። ማይክሮፋይበር ውድ ለሆነበት ሰው ንጹሕ፣ ወፍራም፣ ባለጠጉር የጥጥ ፎጣ ሁለተኛ ምርጫ ነው። ውሃ ይጠጣል፣ ጠጉርም አለው። ጉዳቱ ብናኝ መልቀቁና ሲያረጅ መሻከሩ ነው። ጉንጫችሁ ላይ አድርጋችሁ ካሻከራችሁ ለጎማና ለቸርኬ መድቡት።

ሐ) የቆዳ ማድረቂያ፣ ሻሞይ የሚባለው። ስሙ የመጣው በአውሮፓ ተራሮች ከሚኖር የዱር ፍየል መሰል እንስሳ ነው። ዛሬ ግን የሚሠራው በአብዛኛው በዓሣ ዘይት ከለፋ የበግ ቆዳ ነው። ውሃ በመጠጣት የሚስተካከለው ጥቂት ነው፤ ሲጨመቅም ቶሎ ይለቃል። ትልቁ ችግሩ ፊቱ ልሙጥ መሆኑ ነው። አንድ የአሸዋ ቅንጣት ብትገባ የምትደበቅበት ስለሌላት ከዳር እስከ ዳር ትጎተታለች። ስለዚህ መኪናው በሚገባ መታጠቡ በተረጋገጠ ጊዜ ብቻ፣ አስቀድሞ አርሶ፣ ሳይጫኑ መጠቀም ይገባል። በፈላ ውሃና በኦሞ አይታጠብም፤ ዘይቱ ይወጣና እንደ ደረቀ ቁርበት ይሆናል። ጥላ ሥር ይድረቅ። እርጥቡን ላስቲክ ውስጥ ከዘጋችሁበት ይሸታል፣ ይሻግታል።

መ) ሰው ሠራሹ ሻሞይ። በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ እርጥቡን ተጠቅልሎ የሚሸጠው ነው። ጠባዩ እንደ ቆዳው ነው፤ ልሙጥ ነው። ከደረቀ እንደ ካርቶን ስለሚጠነክር ሳይርስ መኪና ላይ አይደረግም።

ሠ) የጎማ ውሃ መግፊያ። ለመስታወት መልካም ነው። ለቀለም ግን አይመከርም። ከጎማው ሥር አንድ ቅንጣት ከገባች በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ጭረት ትተዋለች።

ረ) አየር። ኮምፕረሰር ባለበት ላቫጆ ከሁሉ የማይነካው ዘዴ ይህ ነው፤ ያልተነካ ቀለም በጨርቅ አይጫርምና። በተለይ ለስፖኪዮ፣ ለበር እጀታ፣ ለመብራት ዙሪያና ለታርጋ ኋላ ተመራጭ ነው። ጥንቃቄው፣ የአየሩ ቱቦ ጫፍ ብረት ስለሆነ ቀለሙን እንዳይነካ፣ በጋኑ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃና ዘይት አስቀድሞ እንዲፈስ፣ አየሩም ወደ ሰው ዓይን እንዳይዞር ነው።

ሰ) ፈጽሞ የማይሆኑ። ከመኪናው ወንበር ሥር የሚወጣ ቡትቶ፣ ቁልፍና ዚፕ ያለው ሸሚዝ፣ ሥዕል የታተመበት ካናቴራ፣ ውሃ የማይጠጣ የፖሊስተር ጨርቅ፣ ጋዜጣ፣ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ሻካራ ፊት። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ መጨረሻ ላይ ናፍጣ የነካ ጨርቅ ያሳርፉበታል። ለጊዜው ያብረቀርቃል። ነገር ግን ቅባቱ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይሰበስብና በሚቀጥለው ጠረጋ ጭረቱ ይብሳል።

5ኛ/ አደራረቁ

ምርጥ ፎጣ ይዞም መጫር ይቻላል። ስለዚህ ሥርዓቱን እንመልከት።

አንደኛ፣ ማድረቅ የሚጀምረው ከማጠብ ነው። አቧራው በውሃ ርሶ ሳይወርድ ስፖንጅ አይንካው። ኦሞ የሚጠቀም ሰው ዱቄቱን በደንብ ያሟሟ፤ ከተቻለ ግን የመኪና ሻምፖ ይሻላል፣ ኦሞ የቀለሙን ሰም ያነሣልና። ባልዲ ሁለት ይሁን፤ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ስፖንጁ የሚለቀለቅበት።

«ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ይኸን ሁሉ ከየት እናመጣለን?» ትሉኝ ይሆናል። በሁለት ባለ20 ሊትር ጀሪካን ይቻላል። 10 ሊትሩን መጀመሪያ አቧራውን ለማራስና ለማውረድ፣ 5 ሊትሩን ለሳሙና፣ 5 ሊትሩን ለስፖንጅ መለቅለቂያ፣ የቀረውን 20 ሊትር ለመጨረሻው ማጥሪያ አድርጉት። ብዙ ጊዜ የምናየው ግን የተገላቢጦሹ ነው። ውሃው ሁሉ በሳሙናው ያልቅና መጨረሻው በጨርቅ ይሸፈናል።

ሁለተኛ፣ ሳታደርቁ በፊት ፈትሹ። ስስ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቃችሁ እርጥቡን ኮፈን ቀስ አድርጋችሁ ዳስሱት። በፌስታሉ በኩል እጅ ብቻውን የማይሰማው ሁሉ ይሰማል። አሸዋ አሸዋ ካለ ማድረቂያ አይነሣ፤ ተመልሶ ይታጠብ።

ሦስተኛ፣ የመጨረሻውን ውሃ በሚበትን ነገር አትርጩ። ቱቦ ካለ አፉን ሳትጫኑ፣ ጀሪካንም ከሆነ በዝግታ ከጣራው ጀምራችሁ አፍስሱ። ውሃው እንደ አንሶላ ሆኖ ሲወርድ አብዛኛውን ጠብታ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ለጨርቁ የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው።

አራተኛ፣ ጥላ ፈልጉ። ኮፈኑም ይብረድ።

አምስተኛ፣ ፎጣውን ትንሽ አርሳችሁ ጨምቁት፤ ትንሽ የረጠበ ፎጣ ከደረቁ ይልቅ ቶሎ ይጠጣል። ዘርግታችሁ ጣራው ላይ አልብሱትና በሁለት ጫፉ ይዛችሁ በቀስታ ወደ ራሳችሁ ሳቡት። ወይም ደግሞ አሳርፋችሁ መታ መታ አድርጋችሁ አንሡት። መፈግፈግ የለም። የእጃችሁ ክብደት አይረፍበት፤ የፎጣው ክብደት ይበቃል።

ስድስተኛ፣ ከላይ ወደ ታች ውረዱ። ጣራ፣ መስታወት፣ ኮፈን፣ የኋላው ክዳን፣ ከዚያ በሮቹ ይከተላሉ። ከበሩ ግማሽ በታች ያለውና ፓራፋንጎው አካባቢ የጭቃ ቦታ ስለሆነ በሌላ ጨርቅ ይሁን። ቸርኬና ጎማ ሦስተኛ ጨርቅ ይኑራቸው። የፍሬን ሸራ ብናኝ ብረት ስላለበት ያ ጨርቅ ፈጽሞ ወደ ላይ አይመለስ።

ሰባተኛ፣ ፎጣው መሬት ከወደቀ ሥራው አብቅቷል። አራግፎ መቀጠል የለም። ታጥቦ እስኪደርቅ ድረስ ሌላ አንሡ። ልጆቻችን፣ ይህችን አንዷን ብቻ ብትይዙልኝ ከዚህ ንግግር ግማሹን ያዛችሁ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሥርዓት ከተለመደው ጠረጋ ጥቂት ደቂቃ ቢጨምር ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ባለመኪኖችም «ቶሎ በል፣ ቶሎ በል» ማለቱን ትተን እነዚያን ደቂቃዎች ልንሰጣቸው ይገባናል።

ስለ ፎጣው አያያዝም ጥቂት ልጨምር። አዲስ ፎጣ ከመጀመሪያው ሥራ በፊት ይታጠብ። ማይክሮፋይበር ለብቻው ይታጠብ፤ ከጥጥ ጋር ከታጠበ ብናኙን ሁሉ ይይዛል። ለብ ያለ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና ይበቃዋል። በረኪና ክሩን ይጎዳዋል። የልብስ ማለስለሻ ደግሞ ክሩን ስለሚሸፍነው ውሃ መጠጣቱን ያቆማል። ካውያ አይነካው፤ ክሩ ይቀልጣል። ሲሰጣ አጥር ላይ፣ ሣር ላይ ወይም ቁጥቋጦ ላይ አይሁን፤ እሾህና ገለባ ይይዛል። ገመድ ላይ፣ አቧራ በማይደርስበት ጥላ ይሰጣ። ሲደርቅ በንጹሕ ከረጢት ተዘግቶ ይቀመጥ።

6ኛ/ ጭቅጭቁን እንዴት እናብርደው?

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገር ልመለስ። ቴክኒኩን ብናውቅም ስምምነት ከሌለን ጠቡ አይቀርም። ስለዚህ ለማኅበራችን አባላትና ለአጣቢ ወጣቶቻችን የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

ሀ) መኪናው ከመታጠቡ በፊት ባለመኪናውና አጣቢው አንድ ጊዜ አብረው ይዙሩት። አሮጌ ጭረት ካለ ያን ጊዜ ይታይ፤ ዛሬ ስልክ የሌለው የለምና ፎቶግራፍ ይነሣ። ጭረት አቧራ ሥር አይታይም፤ ሲታጠብ ነው የሚገለጠው። ስንት ልጅ ባልሠራው ጥፋት የተወቀሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ለ) ጨርቁን የሚያቀርበው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ። ባለመኪናው የራሱን ጨርቅ ካወጣ የጨርቁ ኃላፊነት የእሱ ነው። አጣቢውም ቆሻሻ ወይም ቅባት ያለበት ጨርቅ ሲሰጠው «በዚህ አልጠርግም» ለማለት መብት ይኑረው። ይህን ማለት ድፍረት አይደለም፤ ሥራን ማወቅ ነው።

ሐ) እያንዳንዱ ባለመኪና ሁለት ንጹሕ ፎጣ በከረጢት አድርጎ መኪናው ውስጥ ያኑር። አጣቢዎቻችንም ጨርቃቸውን በቀለም ይለዩ፤ ለምሳሌ ነጩ ለላይኛው አካል፣ ሰማያዊው ለመስታወት፣ ጥቁሩ ለታችና ለጎማ ይሁን። ነጩ ቆሻሻውን ስለሚያሳይ ማንም አይታለልም።

መ) ጭረት ከተገኘ በጥፍር ይፈተሽ። ጥፍር ጭረቱን አቋርጦ ሲያልፍ ካልያዘው ላይ ላዩን ነው፤ በአንድ ቀን ጠረጋ ብቻ ሳይሆን በብዙ ቀን የተጠራቀመም ሊሆን ይችላል። ጥፍር የሚይዘው ከሆነ ጥልቅ ነው፤ ይኼ በጨርቅ የሚመጣ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በቁልፍ፣ በቅርንጫፍ ወይም በሞተር ብስክሌት መሪ የሚመጣ ነው። ይህን ሳይመረምሩ ልጁን ሒሳብ መከልከል ግፍ ነው።

ሠ) አንድ ጥሩ ወፍራም ፎጣ ለአንድ ወጣት ብቻውን ሊከብደው ይችላል። አጣቢዎቹ በቡድን ሆነው ዕቁብ እንደሚጥሉት ሁሉ ለፎጣና ለባልዲም ቢያዋጡ፣ ባለመኪኖችም ብናግዛቸው ትርፉ የጋራ ነው። አንድ ኮፈን እንደገና ለማስቀባት የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ፎጣ ይገዛል።

ምናልባት አንድ አባት «እኔ ሠላሳ ዓመት በካናቴራዬ ስጠርግ ምንም አልሆነም» ይሉኝ ይሆናል። አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ነጭ መኪና ከሆነ ጭረቱ ስለማይታይ ነው። ያንኑ ካናቴራ ጥቁር መኪና ላይ ቢያሳርፉት በወሩ ያዩታል። ጭረቱ ባይታይም ክሊሩ እየሳሳ ነው።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የዛሬው ነገራችንም ይኸው ነው። መኪናው ከተጫረ በኋላ ከመካሰስ በፊት ንጹሕ ፎጣ፣ በቂ ማጥሪያ ውሃና ጥቂት ትዕግሥት ማዘጋጀት ነው። ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ፎጣ ይዞ የሚመጣ፣ መኪናውንም ከልጁ ጋር ዞሮ የሚያይ ባለመኪና አሥር ቢገኝ እንኳ ጭቅጭቁ እንደሚቀንስ እርግጠኛ ነኝ። ጥያቄ ያለው ሰው ከስብሰባው በኋላ ያነጋግረኝ። አሮጌ ሲዲና የተለያዩ ጨርቆች ይዤ ስለመጣሁ እዚሁ በዓይናችን እናየዋለን።